«ሳይሆን አይቀርም» ስንት በመቶ ነው? ስለ ዕድል ቃላትና ስለ አደጋ ግምት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንደ «ምናልባት» እና «ሊሆን ይችላል» ያሉ የዕድል ቃላትን የማያውቅ ማን አለ? ምናቸው ያሻማል?

የሚያሻሙት ሁላችንም ስለምናውቃቸው ነው። ያልገባንን ቃል እንጠይቃለን ወይም መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። «ምናልባት ሲሉ ስንት ማለትዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ተናጋሪው በልቡ አንድ መጠን ይዞ ይናገራል፤ ሰሚው ሌላ መጠን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱም ተግባብተናል ብለው ይለያያሉ።

ጉዳዩን በሰፊው ያሳወቀው ሸርማን ኬንት ይባላል። የታሪክ ፕሮፌሰር የነበረ፣ በኋላም በአሜሪካ ማዕከላዊ የስለላ ድርጅት (ሲአይኤ) የግምገማ ሰነዶች የሚጻፉበትን ክፍል የመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ክፍሉ በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ ይደረግ እንደሆነ የሚመረምር ሰነድ አወጣ። ሰነዱ ወረራው በዚያ ዓመት «በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ» ነገር ነው ይል ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ኬንትን በወሬ መሀል ያ አነጋገር ምን ያህል ማለት እንደሆነ ጠየቁት። ኬንት በበኩሉ ከመቶ 65 ያህል ወደ ወረራው እንደሚያጋድል ነገራቸው። ባለሥልጣኑ ደነገጡ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የተረዱት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አንባቢው ተሳስቷል ብለን እናልፈው ነበር። ኬንት ግን ወደ ቢሮው ተመልሶ ሰነዱን አብረውት የጻፉትን አንድ በአንድ ጠየቀ። አንዱ ከመቶ 20 አለ፤ ሌላው 80 አለ፤ የቀሩት በመካከል ተበታተኑ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ተስማምተው የፈረሙ ሰዎች በሐሳቡ አልተስማሙም ነበር ማለት ነው። ቃሉ አላስታረቃቸውም፤ ልዩነታቸውን ሸፈነላቸው እንጂ።

ቢለያይስ ምን ጉዳት አለው?

እ.ኤ.አ. በ1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኩባ የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ሊካሄድ የታሰበውን ወረራ የጦር ኃላፊዎቻቸው እንዲገመግሙላቸው ጠይቀው ነበር። የመጣላቸው መልስ ዕቅዱ «ደኅና ዕድል» እንዳለው የሚናገር ነበር። ግምገማውን ያረቀቁት መኮንን ከዓመታት በኋላ እንደተናገሩት፣ ያንን ሲጽፉ በልባቸው የነበረው ከመቶ 30 ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም ሦስት እጅ ቢሳካ ሰባት እጅ የሚከሽፍ። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። «ደኅና» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ደኅና ነገር ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ወረራው በሦስት ቀን ከሸፈ።

በአማርኛስ ችግሩ አለ?

አለ፤ እንዲያውም አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ስለሆነ ወጥመዱም ብዙ ነው። ርእሱ ላይ ያለውን «ሳይሆን አይቀርም»ን እንፍታው። ሁለት አሉታዎች ተደራርበው አዎንታ ሆነዋል፤ ቃል በቃል ከተወሰደ «መሆኑ አይቀርም» ከሚለው አይለይም። በአፋችን ግን ሁለቱ ከተለያዩ ቆይተዋል። «መምጣቱ አይቀርም» ያለ ሰው እርግጠኛ ነው፣ ቡናውን አፍልቶ የሚጠብቅ ዓይነት። «ሳይመጣ አይቀርም» ያለ ሰው እየገመተ ነው፤ ባይመጣ ዋሸህ አይባልም። ሰዋስው ሙሉ እርግጠኝነት የሰጠው አነጋገር በልማድ ወደ ግምት ወርዷል። እስከ ስንት ወርዷል? እኔ 75 አካባቢ እሰማዋለሁ። እናንተ 60 ወይም 90 ብትሉ የምከራከርበት መሣሪያ የለኝም።

«ሊሆን ይችላል» ደግሞ ይብሳል። «መቻል» በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። «ልጁ ብቻውን ሊሄድ ይችላል» ስንል እግሩ ጠንቷል ማለታችን ነው? ተፈቅዶለታል ማለታችን ነው? ወይስ በሩ ከተከፈተ ሾልኮ ይጠፋብናል ማለታችን ነው? ዐውዱ ካልለየው በቀር ቃሉ አይለየውም። ለግምት ሲውልም ወለል እንጂ ጣሪያ የለውም፦ ከመቶ አንዱም ሊሆን ይችላል፣ ከመቶ ሰማንያውም ሊሆን ይችላል። የዜና ርእስ ጸሐፊዎች የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል። «ሊከሰት ይችላል» ያለ ርእስ ነገሩ ቢከሰትም ባይከሰትም አያሳፍርም።

«ይመጣ ይሆናል» ለስለስ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም የማይመጣውም እኩል ሲሆንብን እንለዋለን። «ምናልባት» ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። ዐረፍተ ነገር ሲጀምር ግማሽ በግማሽ ይመስላል፤ «ለምናልባቱ» ሲሆን ግን ጨርሶ ይወርዳል። «ለምናልባቱ ያስቀመጥኩት ገንዘብ» ያለ ሰው ክፉ ቀን ይመጣል ብሎ አይደለም ያስቀመጠው፤ አይመጣም ብሎ እያሰበ፣ ቢመጣ ግን ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ ስለ መጠን መናገሩን ትቶ ስለ ጥንቃቄ ይናገራል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ ታች ይጠቅመናል።

«ዕድል» የሚለው ቃል ራሱ ገለልተኛ ነው?

አይደለም። «የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው» ጆሮ ላይ አይጎረብጥም፤ «የመሞት ዕድሉ ሰፊ ነው» ግን ይጎረብጣል፣ «ዕድል» ወደ መልካሙ ስለሚያደላ። ከዚያ ለመሸሽ «ስጋት» ወይም «አደጋ» ስንል ፍርሃት አብረን እንጨምራለን። «40 በመቶ የዝናብ ስጋት» ያለው ልብስ ያሰጣ ሰው ነው፤ «40 በመቶ የዝናብ ተስፋ» ያለው ዘር የዘራ ሰው ነው። ሰማዩ አንድ ነው።

የመድኃኒቴ ማብራሪያ ወረቀት «የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት» ይላል። ልተወው?

ከመተውዎ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ያነጋግሩ። ቃሉ የሚመስለውን ያህል አይደለምና።

በአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት መረጃ እያንዳንዱ ቃል የተመደበለት ክልል አለው። «በጣም የተለመደ» ማለት ከ10 ተጠቃሚዎች ከአንድ በላይ ላይ የሚታይ ነው። «የተለመደ» ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 10 የሚሆኑትን የሚነካ ነው። «ያልተለመደ» ከ1,000 ሰዎች ከ1 እስከ 10፣ «እምብዛም የማያጋጥም» ከ10,000 ሰዎች ከ1 እስከ 10፣ «እጅግ እምብዛም የማያጋጥም» ደግሞ ከ10,000 ከአንድም ያነሰ ነው።

አሁን የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታችሁ በዐይናችሁ ተከተሉት። «የተለመደ» ከሚለው ሥር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ተደርድረዋል። አንባቢው እነዚህ ሁሉ እንደሚደርሱበት አድርጎ ያነባል። በእርግጥ የተጻፈው ግን ቢያንስ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ማቅለሽለሹን አያውቀውም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪታንያ የታተመ ጥናት ተራ አንባቢዎች እነዚህን ቃላት በቁጥር እንዲተረጉሙ ጠይቆ ነበር። «የተለመደ» ለሚለው በአማካይ የሰጡት ወደ 45 በመቶ ነው፤ የደንቡ ጣሪያ 10 በመቶ ሆኖ ሳለ። ዝቅተኛ ሊሰማ የሚገባው «እጅግ እምብዛም» እንኳ በብዙ እጥፍ ተጋንኖ ነው የተነበበው። ጥናቱ ይህ ግምት መድኃኒቱን ለመውሰድ ያለውን ፈቃደኝነት እንደሚቀንስም አሳይቷል።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። «የተለመደ» ስንል ሁለት ነገር ይሰማናል፦ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም፣ ደግሞም የለመድነው፣ የማያስደነግጥ። «ራስ ምታት የተለመደ ነው» ብሎ ትከሻ መታ ማድረግ ይቻላል። እንግዲህ አንዱ አንባቢ «ይደርስብኛል» ብሎ ሲደነግጥ ሌላው «ምንም አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ወረቀቱን የምተረጉም ብሆን ቃሉን ጨርሶ ትቼ «ከመቶ ሰዎች ከአንድ እስከ አሥር ላይ ይታያል» ብዬ እጽፍ ነበር።

ሐኪሙ «ሊሆን ይችላል» ሲለኝ እያለዘበልኝ ነው ወይስ የእውነት አያውቀውም?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አስብበታለሁ፤ ምክንያቱም ከቤቴ የመጣ ነው። እናታችን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት በኋላ እኅቴና እኔ ከሐኪሙ ክፍል አብረን ወጣን። ሁለታችንም የሰማነው አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ሕመሙ ሊመለስ ይችላል።» ኮሪደሩን ሳንጨርስ እኅቴ ዐይኗ ዕንባ ሞልቶ ነበር። «አይተኸው የለ፣ ዐይናችንን እንኳ አላየንም። ሊመለስ ነው፤ መንገር አቅቶት ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሰማሁት ሐኪሞች ሁሉ ለጥንቃቄ የሚናገሩትን፣ በሰነድ ግርጌ የሚጻፍ ዓይነት ማሳሰቢያ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ሰምተን ሁለት ምርመራ ይዘን ወጣን።

እኅቴ ያደረገችው ያልተለመደ ነገር አይደለም። ዣን ፍራንስዋ ቦንፎንና ጋኤል ቪልዡቤር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች «ምናልባት»ን ስለ ከባድ ሕመም ሲሰሙት ስለ ቀላል ሕመም ከሚሰሙት ይልቅ ከፍ ያለ ዕድል ይሰጡት እንደሆነ መረመሩ። ይሰጡታል። «ምናልባት መስማት ይሳንህ ይሆናል» እና «ምናልባት እንቅልፍ ያሳጣህ ይሆናል» እኩል አይሰሙም። ምክንያቱም ሰሚው ቃሉን እንደ መጠን መግለጫ ብቻ አይወስደውም፤ እንደ ትሕትናም ይወስደዋል። ክፉ ወሬ በጨዋ ሰው አፍ ለስልሶ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ያለሰለሰውን ገልጠን ከሥሩ ያለውን እንገምታለን። አንዳንዴ ከሥሩ ምንም አይኖርም።

የከበደ ነገር የቀረበ መስሎ መታየቱም አለ። «ለምናልባቱ»ን አስታውሱ። ሰሚው የጉዳቱን ክብደትና የመድረሱን ዕድል በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ሁለቱ በተለያየ ሚዛን የሚለኩ ነገሮች ናቸው፤ የሐኪሙ ዐረፍተ ነገር ግን አንዱንም አልለካም ነበር።

ሁለት ቃላት አንድ ቁጥር ካላቸው ምክራቸውም አንድ ነው?

አይደለም፤ ከዚህ ሁሉ ጥናት ያስደነቀኝም ይህ ነው። ካርል ሃልቮር ታይገንና ቪቤከ ብሩን የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ሥራ ለሰዎች አንዲት ራስ ምታት የሚያሠቃያት ሴት አንድ ሕክምና ልትሞክር ወይስ ልትተው እያመነታች እንደሆነ ነገሯቸው። ለአንዱ ቡድን ሕክምናው «የተወሰነ ተስፋ አለው» ተባለ፤ ለሌላው «በጣም አያስተማምንም» ተባለ። አንባቢዎች ሁለቱንም አነጋገሮች ወደ ቁጥር ሲቀይሩ የሚሰጡት መጠን ተቀራራቢ ነው፣ 30 በመቶ አካባቢ። ምክር ሲጠየቁ ግን «ተስፋ አለው» የተባሉት ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ ትሞክረው አሉ፤ «አያስተማምንም» የተባሉት ደግሞ ሲሦ ያህሉ ብቻ።

ስለዚህ የዕድል ቃል መጠን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። «ተስፋ አለው» ወደሚሆንበት ምክንያት ያሳያል፤ «ያጠራጥራል» ወደማይሆንበት። የምታናግሩት ሰው የትኛውን እንደመረጠ ካስተዋላችሁ፣ ምን እንድታደርጉ እንደሚፈልግ ብዙ ጊዜ ራሱ ሳያውቀው ነግሯችኋል። ሻጭም ያውቅበታል።

«ነገ የመዝነብ ዕድሉ 30 በመቶ ነው» ማለትስ?

ነገን በሚመስሉ ቀኖች ከአሥሩ በሦስቱ ይዘንባል ማለት ነው። በቀኑ 30 በመቶ ሰዓት ይዘንባል ማለት አይደለም፤ በአካባቢው 30 በመቶ መሬት ላይ ይዘንባል ማለትም አይደለም። ጌርድ ጊገሬንዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን በአምስተርዳም፣ በአቴንስ፣ በበርሊን፣ በሚላኖና በኒው ዮርክ መንገደኞችን ጠየቁ። ትክክለኛውን ትርጉም አብዛኛው ሰው የመረጠው በኒው ዮርክ ብቻ ነው፤ አሜሪካውያን ትንበያን በመቶኛ መስማት የጀመሩት በ1960ዎቹ በመሆኑ ጆሯቸው ለምዶታል። በአውሮፓ ከተሞች በብዛት የተመረጠው «ነገ 30 በመቶ ጊዜ ይዘንባል» የሚለው ነበር። ቁጥርም ቢሆን «የምን 30 በመቶ?» የሚለውን ካልመለሰ ቃል ነው።

እንግዲያው ቃሉን ትተን ቁጥር ብቻ ብንናገርስ?

ቁጥርም ያሳስታል፤ ለማሳሳት የተመረጠ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 በብሪታንያ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች አደገኛ የደም መርጋትን በእጥፍ እንደሚጨምሩ ማስጠንቀቂያ ወጣ። በእጥፍ፣ ማለትም በ100 በመቶ። ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ብዙ ሴቶች ክኒኑን ጣሉት። የተጨመረው ግን ይህ ነበር፦ የቀድሞውን ክኒን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው፣ አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ሁለቱ ላይ ደረሰ። ከ7,000 አንዲት ሴት። «እጥፍ» እውነት ነው፤ «ከ7,000 አንዷ» እውነት ነው፤ የሚያስደነግጠው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። በተከተለው ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከወትሮው ወደ 13,000 የሚበልጥ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝናና ውርጃ ራሳቸው ለደም መርጋት ከክኒኑ የበለጠ ያጋልጣሉ።

ሌላው የቁጥር ወጥመድ የታችኛው ቁጥር ነው። ኪሚሂኮ ያማጊሺ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ሰዎች «ከ10,000 ሰዎች 1,286ቱን ይገድላል» የተባለውን በሽታ «ከ100 ሰዎች 24ቱን ይገድላል» ከተባለው የበለጠ አደገኛ ነው ብለው ፈርደዋል። የመጀመሪያው 13 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ሁለተኛው 24 በመቶ ነው። 1,286 ሬሳ በዐይነ ሕሊና ይታያል፣ 10,000ው ግን ደብዝዞ ከበስተጀርባ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት አደጋዎችን ስታነጻጽሩ የታችኛውን ቁጥር አንድ አድርጉት። ከመቶ ከሆነ ሁለቱም ከመቶ፣ ከሺህ ከሆነ ሁለቱም ከሺህ።

ለቃላቱ በደንብ ቁጥር ቢመደብላቸው አይገላግልም?

ኬንት ያንን ሞክሯል። «መሆኑ ያመዝናል» 75 በመቶ አካባቢ፣ «እርግጥ ለማለት ይቻላል» 93 በመቶ አካባቢ እያለ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። የተቃወሙትን «ገጣሚዎች»፣ የደገፉትን «የሒሳብ ሰዎች» እያለ እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፎበታል፤ በእሱ ዘመን ያሸነፉት ገጣሚዎቹ ናቸው። ዛሬ የአሜሪካም የብሪታንያም የስለላ ተቋማት እንዲህ ያለ መለኪያ አላቸው፤ የሚያስቀው ግን የሁለቱ ክልሎች በትክክል አይገጥሙም።

በይበልጥ የሚታወቀው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታዊ ፓነል (አይፒሲሲ) መለኪያ ነው። በእሱ መሠረት «የመሆን ዕድል ያለው» ከ66 በመቶ በላይ፣ «በጣም የመሆን ዕድል ያለው» ከ90 በላይ፣ «እርግጥ ሊባል የሚችል» ከ99 በላይ ነው። ዴቪድ ቡዴስኩና ባልደረቦቹ አንባቢዎች እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች እንዴት እንደሚረዷቸው ደጋግመው ፈትነዋል። ሠንጠረዡ በእጃቸው እያለ እንኳ ሰዎች በለመዱት ትርጉም ያነባሉ፤ ከ90 በላይ ሊሉት የሚገባውን ወደ መሀል ይጎትቱታል፣ ከ10 በታች ሊሉት የሚገባውንም ከፍ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሥራቸው 24 አገሮችንና 17 ቋንቋዎችን ያካተተ ነበር፤ ውጤቱ ያው ነው። የረዳው ነገር ቁጥሩን ሩቅ ባለ ሠንጠረዥ ሳይሆን እዚያው ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ፣ ከቃሉ አጠገብ ማስቀመጥ ነው።

አማርኛ ለዚህ ደረጃ አሰጣጥ የሚሆን መሰላልም የለውም። «በጣም» እና «እጅግ» ከሁለቱ የቱ ይበልጣል? «እጅግ በጣም» ስንል ከየትኛው በላይ ወጣን? ተርጓሚ ሆኖ እዚህ ላይ ላብ ያላጠመቀው የለም።

ትንበያው «የመሆን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው» ብሎ ነገሩ ከሆነ፣ ተንባዩ ተሳስቷል?

በአንድ ጊዜ አይታወቅም። ከአሥር አንዴ ይሆናል የተባለ ነገር ከአሥር አንዴ መሆን አለበት። ተንባዩን መመዘን የሚቻለው «10 በመቶ» ያላቸውን ሁሉ ሰብስቦ ስንቶቹ እንደሆኑ በመቁጠር ነው። «ዝቅተኛ» ብቻ ያለውን ግን በምን ትቆጥሩታላችሁ?

ባለሙያዎች ቁጥር መስጠት ለምን ይፈራሉ?

ሁሉም ስለማያውቁ አይደለም። ኢዶ ኤሬቭና ብሬንት ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ግምታቸውን ሲናገሩ በቃል መናገር ይመርጣሉ፤ የሌላውን ግምት ሲሰሙ ግን በቁጥር ቢነገራቸው ይመርጣሉ። ስንሰጥ ጭላንጭል፣ ስንቀበል ብርሃን እንፈልጋለን። ሐቀኛ ምክንያትም አለው፦ በቂ መረጃ በሌለበት «37 በመቶ» ማለት የሌለ ትክክለኛነት ማስመሰል ነው። ያም ቢሆን «ከ20 እስከ 50 መካከል» ማለትን የሚከለክል የለም፤ ስፋቱ ራሱ አለማወቅን ይናገራል።

ሁለተኛው ምክንያት ተጠያቂነት ነው። በጣልያን ላኩዊላ እ.ኤ.አ. በ2009 ለወራት ትናንሽ መንቀጥቀጦች ሕዝቡን ሲያስጨንቁ ቆዩ። መጋቢት መጨረሻ ላይ የባለሙያዎች ኮሚቴ ተሰበሰበ። በስብሰባው ከተነገሩት አንዱ በ1703 እንደደረሰው ያለ ትልቅ መንቀጥቀጥ በቅርብ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይቻልም የሚል ነበር። ሳይንሳዊ ነገር ነው፤ ስሕተትም የለበትም። ነገር ግን አንድ የሲቪል ጥበቃ ባለሥልጣን ሁኔታው መልካም እንደሆነ፣ መሬቱ ጉልበቱን ጥቂት በጥቂት እያወጣ እንደሆነ ለጋዜጠኛ ተናገረ። ሚያዝያ 6 ሌሊት ከተማዋ ፈረሰች፤ 309 ሰዎች ሞቱ። ቀድሞ መሬት ሲንቀጠቀጥ ውጭ ማደር የለመዱ ቤተሰቦች፣ የተነገረውን አምነው ቤት ውስጥ እንደቀሩ በፍርድ ቤት መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ የስድስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሳይንቲስቶቹን በነፃ አሰናበተ፤ የባለሥልጣኑን ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አደረገ።

ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚያለዝብ ባለሙያ ቢበዛ አይገርመኝም። እኔ ግን ከዚያ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነው። የነዋሪዎቹ ጥያቄ «ዛሬ ማታ የት እንደር?» የሚል ነበር። «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ያንን ጥያቄ ሳይመልስ የመለሰ መሰለ። ትልቅ መንቀጥቀጥ በአንድ ሌሊት የመድረስ ዕድሉ ከሺህ አንድ እንኳ ያልሞላ ቢሆን፣ አንድ ሌሊት ውጭ ማደር ከቤት መፍረስ ጋር ሲመዘን ርካሽ ነው። «ለምናልባቱ» የሚሠራው እዚህ ነው።

ታዲያ ሐኪሙን ወይም ባለሙያውን ምን ብዬ ልጠይቅ?

«ስንት በመቶ ነው?» ከማለት ሰው የሚቆጠርበትን ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል፤ መላሹም ይቀለዋል። ጊዜውን አትርሱ፤ «በዓመት ከመቶ አንድ» እና «በሕይወት ዘመን ከመቶ አንድ» አይገናኙም። «አላውቅም» ብሎ ከመለሰላችሁ «ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከአሥር አንድስ ይበልጣል?» እያላችሁ አጥብቡት። ቁጥር የሌለው ሰው እንኳ ለዚህ መልስ አያጣም።

እኅቴ በማግሥቱ ብቻዋን ተመልሳ ሄደች። ሐኪሙ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ዶክተር፣ እንደ እናቴ የታከሙ መቶ ሰዎች ቢኖሩ፣ ስንቶቹ ላይ ይመለሳል?»

ትንሽ አሰበ። «አምስት ያህሉ ላይ።»

«በስንት ጊዜ ውስጥ?»

«በአምስት ዓመት።»

«እናቴስ ከእነዚያ መቶ ሰዎች በምን ትለያለች?»

«በዕድሜያቸው። ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ እስከ አሥር በይው። ትናንት አልነገርኳችሁም እንዴ?»

በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው፦ «ከመቶ 5፣ ለእማዬ እስከ 10፣ በ5 ዓመት።» ካርዱ አሁንም የእናታችን መድኃኒት ከሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ አለ።